ውኃው ከጉልበት ሲያልፍ

ቁሐር ሚካኤል፣ መስከረም 22 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለሰገን፤ ባለሽበት በቤሩት።

ከዘመን ወደ ዘመን ያሸጋገረን አምላክ አንችንም በሰው አገር በሰላም ያክርምሽ። እንዴት ነሽ? ወገብሽስ ተሻለሽ? አሮጊቷ ማዳምሽ ከአልጋ መነሣት ጀመረች? እኛ ደህና ነን። ላሟ ወልዳለች። ሩዙ ከጎርፍ ተርፎ እያሸተ ነው። ልጅሽ መባ አራተኛ ክፍል ገብታለች፤ አሥር ዓመት ሊሞላት ነው፤ ወሬዋ ግን የሽማግሌ ነው።

ይህን የሚጽፉልኝ መሪጌታ ዓለምነህ ናቸው። የአንችንም ደብዳቤ የሚያነቡልኝ እሳቸው ናቸው። ዓይኔን ትንሽ ብዥ ይልብኛል፤ የዕድሜ ነገር ነው፣ አታስቢ።

ስልኬ ለምን እንደማይነሣ ወረታ አበረ ሱቅ ደውለሽ ስትጠይቂ «ተበላሸ» አስብዬሽ ነበር። ውሸቴን ነው። ጉማራ ነው የበላው። ጎንበስ ስል ከደረት ኪሴ ሹልክ ብሎ ወንዙ ውስጥ ጭልጥ አለ። «ለመሆኑ እዚያ ምን ይሠሩ ነበር?» ትይኛለሽ። አሳ ሳጠምድ ነው። ከመባ ጋር።

እንግዲህ ተናገርኩት፤ አሁን ተቆጭ። ከሐምሌ ጀምሮ የሩዙን አረም ስንጨርስ ቅዳሜ ቅዳሜ እንወርዳለን። በመጀመሪያው ቀን ትሉን መንካት ተጸይፋ አፍንጫዋን ይዛ ቆመች። በሦስተኛው ቀን ግን ክንድ የምታህል ቀረሶ ጎትታ አወጣች! አልጮኸች፣ አልዘለለች፤ ቀና ብላ አየችኝና ጥርሷን ብቻ አሳየችኝ። አባቴ እንዳስተማረኝ፣ በእኛ ቤት የዓመቱን የመጀመሪያ አሳ ያጠመደው ሰው አይበላውም፤ ወንዝ መውረድ ለማይችል ሰው ይሰጣል። መባም እያየችው ምራቋን እየዋጠች ይዛው ሄዳ፣ እግሯ ተይዞ ለተኛችው ለጎረቤታችን ለአምሳል ሰጠቻት።

ወረታ ገበያ ያለው መንጠቆ ወፍራም ነው፤ ትንሹ አሳ አፉ ይቀደዳል። ቀጭን ካገኘሽ ሰው ሲመጣ ላኪልን። ሌላ የምንፈልገው የለም፤ አንችን ነው እንጂ።

ቅዱስ ሚካኤል በክንፉ ይከልልሽ።

አጎትሽ አለኸኝ


ቤሩት፣ ኅዳር 8 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለተከበሩት ለአያ አለኸኝ፤

ጤናዎን ይስጥልኝ፤ እድሜዎን ያርዝምልኝ። እኔ ደህና ነኝ። መልእክት የምታቀባብለን የአገሬ ልጅ አማከለች ደብዳቤዎን ኩሽና ድረስ አመጣችልኝ፤ ደስ ብሎኝ ከፈትኩት፤ ሳነበው ግን እጄ ላይ የያዝኩት ሳህን ወድቆ ተሰበረ።

አያ፣ ምን ነካዎት? ጉማራ? ከወንዝ ሁሉ መርጠው ጉማራ? ባለቤቴ ገበያው ከበሬዎቹ ጋር ገብቶ የቀረበት ስድስት ዓመት እንኳን አልሞላው። ባሌን የወሰደው ውኃ ዳር ልጄን ወስደው ያስቀምጡልኛል? እኔ እዚህ ማዳም ገላዋን ስትታጠብ የገንዳው ውኃ ሲንዶቀዶቅ ስሰማ እንኳን ልቤ ይደነግጣል። እርስዎ አሳድገውኛል፤ ክፉ ቃል ልናገርዎት አልፈልግም። ግን አልቻልኩም።

ደግሞስ ከአሳ ምን ትማራለች? ልጄን ፊደል እንድትቆጥር ነው የተውኩልዎት እንጂ ትል እንድትቆጥር አይደለም። እኔ የሰው ወለል የምወለውለው እሷ እንዳትወለውል ብዬ ነው። የቅዳሜ ጊዜ ከተረፋት ታጥና።

ስለዚህ ወስኛለሁ። የመንፈቁን ፈተና ስትጨርስ ባሕር ዳር እህቴ አይናለም ዘንድ ትሂድ። አይናለም እሺ ብላለች፤ ትምህርት ቤቱም ቅርብ ነው። እስከዚያ ወንዝ እንዳትወርድ። አበረ ሱቅ ስደውል ሁላችሁም «ደህና ነን» ብቻ ነው የምትሉኝ፤ መባም ስልኩን ይዛ «ደህና ነኝ እማየ» ትላለች፤ ለካ ደህና ማለት ይህ ነው!

መንጠቆ አልልክም። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጫማዋን በአማከለች በኩል ልኬያለሁ፤ ቁጥሩን በግምት ነው የገዛሁት፤ እግሯ ስንት እንደደረሰ እንኳን አላውቅም።

ለመሪጌታ ዓለምነህ ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ።

ልጅዎ ሰገን


ቁሐር ሚካኤል፣ ጥር 28 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለምወድሽ ለሰገን፤

እንደ ምን ሰነበትሽ? ቁጣሽ ከነሙቀቱ ደረሰኝ። ሦስት ጊዜ አስነበብኩት። ሳህኑን ከደመወዝሽ እንዳይቆርጡብሽ ብቻ። ጫማው ጠቧታል፤ ግን አላወልቅም ብላ እያነከሰች ትዞራለች።

ገበያውን አልረሳሁትም። እኔ ነኝ ያወጣሁት፤ በእነዚህ እጆቼ። ልጅቱን ውኃ ዳር የወሰድኳት ረስቼው ሳይሆን አስታውሼው ነው። ገበያው የደጋ ሰው ነበር፤ የፋርጣ ልጅ። ጉማራን ላይ ላዩን አይቶ ገባ። መባ ግን የተወለደችው እዚህ ነው። ክረምት ሲገባ ውኃው ራሱ ደጃፋችን ድረስ ይመጣል፤ ትምህርት ቤት ስትሄድ ታገኘዋለች፣ ጥጃ ስትመልስ ታገኘዋለች። ታዲያ ሳታውቀው ብታገኘው ይሻላል?

መጀመሪያ ያስተማርኳት መንጠቆ መወርወር አይደለም። ውኃው ጠርዝ ላይ ሸምበቆ ተክላ፣ ከውኃው ከፍ አድርጋ ክር ታስርበታለች። ክሩ ከረጠበ ደጋ ላይ ዘንቧል፣ ወንዙ እየሞላ ነው፤ አሳ ቢነክስም ባይነክስም ተነሥተን እንሄዳለን። ነሐሴ ላይ አንድ ቀን ትልቅ አምባዛ ነክሶልኝ ስታገል «አባባ፣ ክሩ ረጥቧል» አለችኝ። «ቆይ» አልኳት። «አልቆይም፤ ያሉኝ እንዲህ አይደለም» ብላ ገመዴን በጥርሷ በጠሰችው! እንዴት እንደ ተናደድኩ አልነግርሽም። ትንሽ ራቅ ብለን ዞር ስንል የተቀመጥንበት ቦታ ውኃ ሆኗል። እስቲ ፍረጅኝ፤ ከሁለታችን ሽማግሌው ማን ነው?

ሌላው ሕጋችን ዝምታ ነው። ውኃ ዳር አይወራም፤ አሳው ይሸሻል። ያቺ ወሬኛ ልጅሽ ዝም ማለትን የተማረችው እዚያ ነው። የሚጮኸው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፦ ውኃው ከጉልበቷ ካለፈ። ያን ጊዜ አሳውም ይሂድ፣ ሸምበቆውም ይሂድ፤ እቆጣለሁ ብላ ዝም እንዳትል በሚካኤል አስምዬአታለሁ።

አሁን ደግሞ ያሳፈረችኝን ልንገርሽ። የጥቅምት ሚካኤል ዕለት የማኅበሩ ጽዋ የእኔ ተራ ነበር። ከዋዜማው ሦስት ትልልቅ ነጭ አሳ ይዤ፣ እንዳይሞቱ በቅርጫት አድርጌ ውኃው ውስጥ አቆየኋቸው። ሲነጋ ቅርጫቱ ባዶ። ሌባ ነው ብዬ ሰፈሩን በጩኸት ቀወጥኩት። መባ መጥታ «እኔ ነኝ» አለችኝ። «ሆዳቸው እንቁላል ሞልቷል። ከጣና ድረስ የመጡት ሊወልዱ ነው፤ ሳይወልዱ ይበላሉ?» አለችኝ። ማኅበርተኛው በሽሮ ተስተናገደ። እኔም የምቆጣበት አፍ አጣሁ፤ ምክንያቱም እርጉዝ አሳ አይያዝም ብዬ ያስተማርኳት ራሴ ነኝ፤ ለድግስ ብዬ ነው የረሳሁት።

ማታ ግን አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። «አባባ፣ እናቶቹ እንቁላሉን እዚህ ጥለው ወደ ጣና ሲመለሱ፣ ልጆቹ እናታቸውን በምን ያውቋታል?» አለችኝ። አንች መልሽላት።

ደግሞ በመንፈቁ ፈተና ከክፍሏ ሁለተኛ ወጥታለች።

ሰገን፣ እባክሽ ባሕር ዳር አትውሰጃት። ቢያንስ እስከ ክረምት ተይልኝ። እኔም ብቻዬን ልሆን ነው። ለፋሲካ እመጣለሁ ብለሽ ነበር፤ እንደዚያው ነው? መባ ለሚያየንም ለማያየንም እየተናገረች ነው፤ ዶሮውንም ራሷ መርጣለች። መንጠቆውን ተይውና ራስሽ ነይ።

ጌታ መንገድሽን ያቅናልሽ።

አጎትሽ አለኸኝ


ቤሩት፣ መጋቢት 20 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለተከበሩት ለአያ አለኸኝ፤

እንኳን የጾሙን እኩሌታ በሰላም አሻገረዎ። ደብዳቤዎን ሳነብ አለቀስኩ፤ ገመዱን በጥርሷ ስትበጥስ ደግሞ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ማዳም አበደች ብላ ደወሏን ደወለችብኝ። ስለ ሳህኑና ስለ ቁጣዬ ይቅር ይበሉኝ። ገበያውን ማን እንዳወጣው የረሳሁት እኔ ነኝ። መባ እስከ ክረምት እርስዎ ዘንድ ትቆይ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ባሕሩ ዳር ሄድኩ። በአጠገቡ ሳልፍ ሁልጊዜ ፊቴን አዙሬ ነበር። እዚያ ወንዶች ረጃጅም ዘንግ ይዘው አሳ ያጠምዳሉ። አንድ ሽማግሌ አጠገብ ቆምኩ። ከጧት ጀምሮ እዚያ ነው፤ ባልዲው ባዶ ነው። በተሰባበረው ዓረብኛዬ «ምንም አልያዝክም?» ብለው «ገና ነው» ብሎ ሳቀ። ባዶ ባልዲ ይዞ እንዲህ የሚስቅ ሰው አይቼ አላውቅም። ልጄ አገሬ አሳ ታጠምዳለች አልኩት። ይህን ስናገር ኩራት ተሰማኝ፤ እውነቴን ነው። ከሳጥኑ ቀጫጭኑን መንጠቆ እየመረጠ አሥራ ሁለት ሰጠኝ፤ ገንዘብ እንቢ አለ። ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ፤ እንዳይወጋችሁ።

የመሪጌታ ፊደል ምነው እንዲህ ወፍራምና ክብ ክብ ሆነ? ቀድሞ እንደ ጉንዳን ሰልፍ ቀጥ ያለ ነበር። እርጅና መጣ መሰለኝ፤ በርቱ በሉልኝ።

አያ፣ ከዚህ በታች የምጽፈውን ለመባ እንዳይነግሩብኝ። መሪጌታም አደራዎን፣ እሷ ባለችበት እንዳያነቡት። ለፋሲካ አልመጣም። ለሁለት ዓመት ተጨማሪ ፈርሜያለሁ። ማዳም በጣም ታማለች፤ እጄን ይዛ «አትተዪኝ» ብላ አለቀሰች፤ ልጆቿም ደመወዝ ጨመሩልኝ። ወረታ የጀመርኩት ቤትም ጣሪያ አልለበሰም። እነዚህ ሁሉ ምክንያት ናቸው። ግን እጄን ይዞ ያስፈረመኝ ሰው አልነበረም፤ ራሴ ነኝ የፈረምኩት። ልጄ ዶሮ መርጣ ስትጠብቀኝ ይህን በምን አፌ ልንገራት? ፋሲካው ሲያልፍ እርስዎ ቀስ ብለው፣ ቀን መርጠው ይንገሩልኝ።

ለጥያቄዋ ደግሞ፣ የአሳ ልጆች ሲያድጉ ራሳቸው ወንዙን ተከትለው ወደ ጣና ይወርዳሉ፣ እዚያ ከእናታቸው ይገናኛሉ በሏት። እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም።

ልጅዎ ሰገን


ቁሐር ሚካኤል፣ ሚያዝያ 22 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለምወድሽ ለሰገን፤

ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን! እንኳን አደረሰሽ። መንጠቆው ደረሰን፤ ቀጭን፣ የሚያምር ነው። ያን ሽማግሌ እግዜር ይስጠው በይልኝ፤ ባልዲው ይሙላለት።

ፋሲካ መጣ፣ ሄደ። አንች አልመጣሽም። እኔን የገረመኝ መቅረትሽ አይደለም፤ በደብዳቤሽ ላይ ስለ መምጣትሽም ስለ መቅረትሽም አንዲት ቃል አለመኖሯ ነው። ስለ ባሕሩ፣ ስለ ባልዲው ጻፍሽ፤ ያንን ግን ዘለልሽው። ደግሜ ላስነብብ ብዬ ነበር፤ «አልቋል፣ ሌላ የለውም» ተባልኩ። ከእኔ የምትደብቂው ነገር አለ? ታመሽ ይሆን?

መባ ከደብዳቤሽ ወዲህ ወሬ ቀንሳለች። ዶሮው ፋሲካ ዕለት ሲታረድ ጓሮ ሄዳ ተቀመጠች። «ምን ሆንሽ?» ስላት «ምንም» ትላለች። ውኃ ዳር ያለው ዝምታ ቤት ድረስ ተከትሏት መጣ። እስቲ አንድ ነገር ጻፊላት።

አጎትሽ አለኸኝ


ቤሩት፣ ሰኔ 8 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለአያ አለኸኝ፤ ጤና ይስጥልኝ።

ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ግራ ገባኝ። ጽፌዋለሁ እኮ! ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ በግልጽ ጽፌዋለሁ። መሪጌታ እንዴት ዘለሉት ብዬ ወረታ አበረ ሱቅ ደወልኩ። አበረ ምን አለኝ መሰለዎት? «መሪጌታ ዓለምነህማ ከጥቅምት ጀምረው ይፋግ ተዛውረዋል፤ ቁሐር የሉም» አለኝ።

ስልኩን ዘግቼ ደብዳቤዎቹን ሁሉ አልጋዬ ላይ ዘረጋኋቸው። ያንን ወፍራም፣ ክብ ክብ ፊደል አየሁት። የልጅ እጅ ነው።

መባ። ልጄ። ይህን አሁን የምታነቢው አንች ነሽ? ያንንም ያነበብሽው አንች ነሽ? ለልጄ እንዳይነበብ ብዬ የጻፍኩትን ልጄ ናት ያነበበችው?

የእኔ እናት፣ ምን ብዬ ይቅርታ ልበልሽ። እባክሽ ጻፊልኝ። የአባባን ሳይሆን የራስሽን ጻፊልኝ። ብትቆጭኝም ጻፊልኝ።

እናትሽ ሰገን


ቁሐር ሚካኤል፣ ሐምሌ 9 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለእማየ፤

ለጤናሽ እንደምን ነሽ? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ አባባ «የዚህ ደብዳቤ ባለቤት አንች ነሽ፤ እውነቱን ጻፊ» አሉኝ። አሁን ጥጃውን ይዘው ደጅ ወጥተዋል፣ ስጽፍ ጮክ ብዬ ስለምል እንዳይሰሙኝ።

አዎ፣ እኔ ነኝ። መሪጌታ ሲሄዱ ፊደል ያስተማሩኝ እሳቸው ስለሆኑ የሳቸውን አስመስዬ ጻፍኩ። ግን አላስመሰልኩትም ለካ። አባባ የሚሉኝን ሁሉ ነው የምጽፈው፤ ስለ እኔ የሚሉትንም ጭምር። ከራሴ የጨመርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። ሁለተኛ ወጥታለች ያልኩት ውሸት ነው፤ አምስተኛ ነኝ። ሒሳብ ነው የጣለኝ።

የአባባ ዓይን ብዥ የሚለው ትንሽ አይደለም። ሞራ ሸፍኖታል። ራቅ ስል ቀሚሴን በቀለሙ ነው የሚለዩት። ክሩ ሲረጥብ የማየው እኔ ነኝ፤ ትሉን መንጠቆው ላይ የማደርገው እኔ ነኝ። ያልነገርንሽ ባሕር ዳር እንዳትወስጅኝ ብለን ነው። እኔ ከሄድኩ ክሩን ማን ያይላቸዋል?

የመጋቢቱን ደብዳቤሽን ጮክ ብዬ ሳነብላቸው ነበር። «ለመባ እንዳይነግሩብኝ» የሚለው ጋ ስደርስ ዝም አልኩ። አባባ «ምነው?» አሉኝ። «ፊደሉ ጠፍቶብኝ ነው» አልኩ። ለብቻዬ አነበብኩት፤ ከዚያ ስለ አሳ ልጆች ያልሽውን ጮክ ብዬ አንብቤ አጠፍኩት። ዝም ያልኩት አንች አትንገሯት ስላልሽ ነው። አባባም እንዳያዝኑ ነው። አሳ ስናጠምድ ዝም ስለምል ዝም ማለት አይከብደኝም ብዬ ነበር።

በላክሽልኝ መንጠቆ ግንቦት ላይ የዓመቱን የመጀመሪያ ቀረሶዬን ያዝኩ። ወንዝ መውረድ ለማይችል ሰው ነው የሚሰጠው። ዘንድሮ መውረድ የማትችይው አንች ነሽ ብዬ ይዤው ብዙ ቆምኩ። ግን ቤሩት ሳይደርስ ይሸታል። እትየ አምሳል በሉልሽ፤ «ጣፋጭ ነው በያት» ብለዋል።

የአሳ ልጆች ሲያድጉ ወደ ጣና ይወርዳሉ ያልሽውን አስቤበታለሁ። እውነት ይመስለኛል። ግን እኔ አሳ አይደለሁም እማየ። ወንዙን ተከትዬ አንች ጋ መድረስ አልችልም።

የአሁኑን ደብዳቤሽን ስጨርስ የመጋቢቱንም አውጥቼ የዘለልኩትን ለአባባ አነበብኩላቸው። ከዚያ እጃቸውን ሰደው ራሴን ፈለጉና «ይህን ሁሉ ጊዜ ብቻሽን ይዘሽው ነበር?» አሉኝ። «አዎ» አልኩ። «ታዲያ ለምን አልጮኽሽም? አስምዬሽ አልነበረም?» አሉኝ። «ውኃ ዳር እኮ አልነበርንም» አልኳቸው። «ሞኝ፣ ሕጉ ለውኃ ብቻ ነው እንዴ?» ብለው እንባቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ።

ስለዚህ ይኸው ጮኽኩልሽ። ማዳም እጅሽን ይዛ ስታለቅስ አልተውሻትም። እኔ እጅሽን መያዝ ስለማልችል የምለምንሽ በደብዳቤ ነው። ቤቱ ጣሪያ ባይኖረውም የአባባ ቤት ይበቃናል። ጫማ አትላኪ፤ እግሬን መጥተሽ ለኪው።

እማየ፣ ከጉልበቴ አልፏል። ነይ።

ልጅሽ መባ ገበያው